የበር ቀለም

እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገና አልነቃም። እኔ ታች ወርጄ፣ ከመኪናዬ ኋላ ጎንበስ ብዬ የዘይት መለኪያዋን እየሳብኩ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ተከፈተ። «ዛሬም?» አለችኝ ጎረቤቴ። ዛሬም። ሞተሩ ሲነሳ የሦስተኛውም የአራተኛውም ፎቅ መስኮት ተከፈተ። እነሱ ምንም አላሉም፣ ዝም ብለው አዩኝ። የነሱ ይብሳል።

ያለችኝ ቮልስ ናት። ባለ 1300፣ የ1969 ሞዴል፣ በእኛ የ61 መሆኗ ነው። በ18 ዓመት ስለምትበልጠኝ በደንቡ አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር። ግን ጠዋት አልነሳም ስትለኝ ከአፌ የሚወጣውን ብትሰሙ አንቱታው ይቅር ትላላችሁ።

የበዓል መኪና አይደለችም፣ በየቀኑ ነው የምነዳት። ይሄን ስናገር ሰው አያምነኝም። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቼ ቃሊቲን፣ ሳሪስን አልፌ ለገሃር ሥራ እገባለሁ፣ ማታ ደግሞ በዚያው እመለሳለሁ። ከፊቴ ሚኒባስ፣ ከኋላዬ ሲኖትራክ። ሲኖትራክ ቮልስ ኋላ ሲቆም ስፖኪዮው ውስጥ ሰማይ የሚባል ነገር አይታይም። ዳገት ላይ ደግሞ ሁሉም ክላክስ ያደርግብኛል። ምን ላድርግ? ፋብሪካው 40 የፈረስ ጉልበት ብሎ ነው የሸጣት፣ ያ ግን ባሕር ጠርዝ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ይሳሳል፣ ሞተር ደግሞ ከቤንዚኑ ጋር አየርም ይበላል። ከአርባዎቹ ፈረሶች አሥሩ ገደማ ከወደብ ሽቅብ ሲመጡ መንገድ ላይ ቀርተዋል ማለት ነው።

ማደያ ላይ ያለው ድራማ ሌላ ነው። ሰልፉን ተሰልፌ፣ ቴሌብሩን ከፍቼ፣ ተራዬ ሲደርስ ቀጂው ልጅ ቱቦውን እየጎተተ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከኋላ ሞተር ነው። በግራ ይዞራል፣ የለም። «ብራዘር፣ ይቺ በየት ነው የምትጠጣው?» ከፊት፣ በቀኝ በኩል። ኮፈኑን ከፍቼ ዕቃ መጫኛውን ሳሳየው፣ የመስታወቷ ውሃ የሚረጨው ደግሞ በተጠባባቂ ጎማዋ አየር እንደሆነ ስነግረው፣ ሙድ የያዝኩበት ይመስለዋል። እውነቴን ነው። አቧራ የበዛ ቀን መስታወት ሳጥብ ከዋልኩ ተጠባባቂ ጎማዬ ይጎላል።

መካኒኬ አቃቂ ነው ያሉት። ጋሼ ነው የምላቸው፣ ሁሉም ሰው ጋሼ ነው የሚላቸው። ጋራዥ ብላችሁ ትልቅ ነገር እንዳታስቡ፣ ሦስት ቆርቆሮና አንድ ባሕር ዛፍ ነው። ሥራውን የጀመሩት ልጅ ሆነው ጣልያን ጋራዥ ውስጥ ካቻቢቴ በማቀበል ነው። ቮልስ ጀርመን ናት፤ እሳቸው እጅ ስትገባ ግን ፍሪሲዮኗም፣ ካምቢዮዋም፣ ካንዴላዋም፣ ማርሚታዋም ጣልያን ይሆናል። አንዳንዴ ሳስበው ይገርመኛል፣ ጣልያን አምስት ዓመት ቆይቶ ተባረረ፣ ካቻቢቴው ግን እስከ ዛሬ አልወጣም።

ጋሼ ጋር የሚቸኩል ሰው አይሄድም። የቮልስ ቫልቮላ የሚስተካከለው ሞተሩ ድብን ብሎ ሲቀዘቅዝ ነው። ስለዚህ «ማታ አምጥተህ አሳድራት» ይሉኛል፣ ልክ እንደ ጸበል። ጠዋት በትንሽ በርጩማ ከኋላዋ ይቀመጣሉ። ክፍተቱ ከሩብ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። መለኪያዋ ቀጭን ብረት ከሸሚዝ ኪሳቸው ትወጣለች፣ እዚያ ከመነጽራቸው ጋር ነው የምትኖረው። ብረቷን አስገብተው ሳብ ሲያደርጉ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ለምን እንደሚጨፍኑ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። «አንተ ልጅ፣ ውስጡ ምን ይታያል ብለህ ነው የምከፍተው?»

የዕቃውን ነገር አታንሱብኝ። ሶማሌ ተራ ገብቼ የቮልስ ፑንቲና፣ ለካንዴላ እሳት የምታስነሳዋን ትንሽ ዕቃ፣ ስጠይቅ አንዳንዱ ሻጭ የሞት ዜና እንደሰማ ሰው ከንፈሩን ይመጥልኛል። የመጨረሻዋ የድሮዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚባል ከተማ ወጣች። ቁጥሯ 21,529,464 ነበር። ከሃያ አንድ ሚሊዮን በላይ ተሠርታ አንድ ፑንቲና ሲጠፋ ያናድዳል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ስላለኝ ተመስገን፤ ሰው ሽቶ ሲያስመጣ እኔ ጓርኒሲዮን አስመጣለሁ።

ወደ ቀለሙ ልምጣ፣ ለመጻፍ የተነሳሁትም በሱ ምክንያት ነው።

ስገዛት ነጭ ነበረች። አለም ገና አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ዶሮዎች ውስጧ እያደሩ ነው ያገኘኋት። ነጩ ቀለም ለሽያጭ ተብሎ የተረጨ ነው፣ ጣት ሲነካው ይላጣል። ሊብሬዋም ላይ «ነጭ» ተብሎ ተጽፏል። እኔ ግን ያኔ ኦሪጅናል የሚባል በሽታ ይዞኝ ነበር። አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው ሁሉ አንድ ሰሞን ይታመመዋል። ከፋብሪካ ስትወጣ የነበረው ብሎን፣ ያው ላስቲክ፣ ያው ቀለም ካልሆነ እንቅልፍ የለም።

ባለፈው ዓመት ባትላሜራው ዘንድ ወስጄ ነጩን ማስፋቅ ጀመርን። ከነጩ ስር አረንጓዴ ወጣ። ምን ዓይነት አረንጓዴ መሰላችሁ፣ የግቢ በር አረንጓዴ! ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ሰፈር ውስጥ ግማሹ የቆርቆሮ በር የተቀባው። የተረጨም አይደለም፣ በብሩሽ ነው የተቀባው፣ የብሩሹ መስመር እንደ እርሻ ትልም ይታያል። በሩ ማጠፊያ ላይ ደግሞ ወርዶ የደረቀ ጠብታ አለ። ባትላሜራው ብረቱን ጥሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከአረንጓዴው ስር ነው የፋብሪካው ጠቆር ያለ ሰማያዊ የተገኘው፣ ንጹሕ፣ የሚያምር። በማግስቱ ሰማያዊውን አስቀምሜ ገዛሁ። ሁለት ጣሳ። ሥራው ወረፋ ስለነበረው ጣሳዎቹን በረንዳ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ ባለቤቴ የልብስ ማስጫውን እግር አስደገፈችባቸው። መኪናዋም በግራ በሯና በኋላ መከላከያዋ እንደተፋቀች፣ ዥጉርጉር ሆና መንገድ ላይ መዋል ጀመረች።

የበር ቀለሙን ታሪክ ለሰው ማውራት ወደድኩ። ቡና ላይ፣ ቢሮ፣ ጋሼ ጋር። «የቱ ፋራ ነው በናታችሁ መኪና በበር ቀለም የሚቀባ?» እላለሁ፣ ሰው ይስቃል። ጋሼ ብቻ አልሳቁም። «በብሩሽ መቀባት እኮ ቀላል አይደለም» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እንግዲህ ያቺ እሁድ ሱሉልታ መገናኛችን ነበረች። መገናኛው ስምም ሊቀመንበርም የለውም። አሮጌ መኪና ያለን ሰዎች እንደዋወላለን፣ አንድ ጥብስና ቡና ያለበት ግቢ እንመርጣለን፣ መኪኖቹን ደርድረን ኮፈን ከፍተን እንውላለን። ሱሉልታን አልወደውም ነበር፣ መንገዱ ከተማውን ከደቡብ እስከ ሰሜን ማቋረጥ ነው፣ ከዚያ የእንጦጦን ተራራ መውጣት አለ። ለ40 ፈረስ፣ ይቅርታ፣ ለ30 ፈረስ ከባድ ነው።

አዲሱ ገበያን አልፌ ዳገቱን አጋምሼ ሁለተኛ ማርሽ ላይ እያቃሰትኩ ሳለ የዲናሞው ቀይ መብራት በራ። ቮልስ ላይ ቀይ መብራት ከበራ «እስኪ ትንሽ ልሂድ» አይሠራም። ራዲያተር የላትም፣ ውሃ የላትም፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ነው፣ ማራገቢያውን የሚያዞረው ደግሞ ዲናሞውን የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ነው። እሱ ከተበጠሰ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠበሳል። ጋሼ ይቺን መቶ ጊዜ ነግረውኛል። አጠፋሁ፣ ጥግ ያዝኩ።

ትርፍ ቺንጋ ይዤ ነው የምሄደው፣ 21 ቁልፍም እንደዚሁ። የዲናሞው ፑሌጃ ለሁለት ይከፈታል፣ መሃሉ ላይ ቀጫጭን ሮንዴላዎች ተደርድረዋል። ቺንጋው ከላላ አንዷን ሮንዴላ ከመሃል አውጥተህ ውጭ ታስራታለህ፣ ከጠበቀ መልሰህ ትከታታለህ። በቃ። ይሄን ያሰበውን መሐንዲስ እጁን ብስመው ደስ ይለኛል። ሥራው ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ግን ሞተሩ እስኪበርድ ቁጭ ብዬ ነበር። እንጨት የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል ሲወርዱ አለፉኝ፣ አንደኛዋ «አይዞህ» አሉኝ፣ ጀርባቸው ላይ ያለው ክምር ከኔ ቺንጋ ጋር ሲተያይ አፈርኩ። ቀጥሎ ደግሞ ቱታ የለበሱ ሯጮች ሽቅብ አለፉኝ። ሠርቼ ስነሳም ልደርስባቸው ጊዜ ፈጀብኝ።

ስደርስ አሥር አሥራ ሁለት መኪና ተደርድሯል። አንዲት ሴይቼንቶ አለች፣ በሮቿ ወደ ኋላ የሚከፈቱ፣ የድሮዋ። ስሟ በጣልያንኛ 600 ማለት ነው፣ ሞተሯ 633 ሲሲ። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ማለት እሷ ነበረች፣ ዛሬ አራት ሰው ከነክረምት ልብሱ እንዴት ይገባባት እንደነበር ስታዩ ትደነግጣላችሁ። ፔጆ 404 አለ፣ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሳ የተከረከመ ጢም ያለው ሽማግሌ የሚመስል። ሰማያዊና ነጭ ላዳም አለች፣ ባለቤቷ ወጣት ልጅ ነው፣ የአባቱ ታክሲ ነበረች። ላዳ እኮ የፊያት 124 ልጅ ናት። ሶቪየቶች ፈቃዱን ከጣልያን ገዝተው ቶሊያቲ ላይ ሠሯት፣ ላሜራዋን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት። ጋሼ ላዳንም በጣልያንኛ ሲያክሟት ከዘሯ አልወጡም ማለት ነው።

ቮልሶቹ አራት ነበርን። ቮልስ ባለበት አንድ ቀልድ አይቀርም። መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ ናት፣ ይሄ የታወቀ ነው። ከዚያ ወዲህ ቮልስ የሚሸጥ ደላላ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያቺ ራሷ ናት ይባላል» ይላል። አራታችንም ተብለናል። በተለያየ ቀለም።

ትንሽ ስለ መኪና ማስገባትም ተወራ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደው፣ ከ2016 ጥር ወዲህ ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ጭራሽ አይገባም፣ ኤሌክትሪክ ብቻ። እዚያው ግቢ በር ላይ ድምፅ የሌላት የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና መጥታ ቆመች፣ ከኋላችን እንደመጣች ያወቅነው ሰውየው ሲያስነጥስ ነው። እኔ ኤሌክትሪኩን አልጠላም። ጭሱን እኮ የምተነፍሰው እኔው ነኝ። አገር ውስጥ ያለችው ቮልስ ግን ከዚህ በኋላ ያለችው ብቻ ናት፣ እሷን እያወቅን ነው የምንፈታታው።

ከዚያ እንደ ልማዳችን ኦሪጅናል ክርክር ተነሳ። ባለ መርሴዲሱ ሰውዬ ጓንት አድርጎ የሚመጣ ነው። የኔን ዥጉርጉር በር አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። እኔም የምጠብቃት ጥያቄ ነበረች። ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርኩ። ዶሮዎቹን፣ ነጩን፣ የብሩሹን ትልም፣ «የቱ ፋራ ነው» የምትለዋን ጭምር። ሰዉ ሳቀ። ከባለ ላዳው ጋር የመጡ፣ አክስቱ ናቸው መሰለኝ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ነጠላ የለበሱ ሴትዮ ቡናቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ሁሉም ስቆ ሲጨርስ፣

«በሩ ግን አሁንም አለ» አሉ።

የምን በር? ስኒውን ለልጁ ሰጥተው ወደ መኪናዋ መጡ። «ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ያለውን ጉድጓድ ክፈትልኝ» አሉኝ። ቮልስ ያደጋችሁበት ታውቁታላችሁ፣ ከኋላ ወንበርና ከመስታወቱ መሃል ለዕቃ የተተወ ቦታ አለ። ሞተሩ ከኋላው ስለሆነ ይሞቃል፣ ልጆች እዚያ ተጠቅልለው ይተኛሉ። ምንጣፉን አነሳሁላቸው። ከስሩ ላሜራው ላይ በጣት የተሳሉ ሁለት አረንጓዴ ፊደላት አሉ፣ «አ» እና «መ»። እኔ አይቻቸዋለሁ፣ ልጅ የሞነጫጨረው ነው ብዬ ለባትላሜራው እንዲፍቀው ነግሬው ነበር። ወረፋ ስላልደረሰው ነው የተረፉት።

«አ እኔ ነኝ» አሉ። «መ ወንድሜ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። እሳቸው ግን እየሳቁ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1973 ታላቅ እህታቸው ልትዳር ነው። ድንኳን ሊተከል፣ ዘመድ ሊገባ ነው፣ የግቢው በር መቀባት አለበት፣ አባታቸው ቀለም ገዙ። በሩ ተቀብቶ ግማሽ ጣሳ ተረፈ። መኪናዋ በዚያን ጊዜ በሮቿ ስር ዝጋለች፣ የመኪና ቀለም ደግሞ ገበያ ላይ ተፈልጎ ጠፋ። አባት ጣሳውን አዩ፣ መኪናዋን አዩ። «ልጄን በዛገ መኪና አልሸኝም» አሉና ቅዳሜ ሙሉውን ቀቡ። ግማሹ ጣሳ ስላልበቃ ሌላ ተገዛ፣ ያው አረንጓዴ። ልጆቹ አላስቀባ ስላሏቸው «እናንተ ሰው የማያየውን ቀቡ» ብለው ከኋላ ጉድጓዱ ውስጥ አስገቧቸው። ሙሽራዋ በነጋታው በአረንጓዴ ቮልስ ወጣች፣ ቀለሙ ገና ስላልደረቀ የቬሎዋ ጫፍ አረንጓዴ ሆነ።

«ሚስትህ ናት ወይስ አንተ ነህ ቀለም የመረጥከው?» አሉኝ ሴትየዋ። የፋብሪካውን ሰማያዊ ልመልስላት እንደሆነ ነገርኳቸው። «ሰማያዊ ነበረች እንዴ?» አሉ። ያኔ ስድስት ዓመታቸው ነበር፣ ሰማያዊውን አያስታውሱትም። ባለ መርሴዲሱ ጓንቱን አውልቆ ከኋላችን ቆሞ ነበር። አንድ ቃል አልተናገረም፣ ይሄ ሰውዬ ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ ጉድጓዱ ሊገቡ ሞከሩ። አንድ እግራቸው ገባ፣ ሁለተኛው እምቢ አለ። ወንበሩ ላይ ተንበርክከው ጭንቅላታቸውን ብቻ አስገቡና ትንሽ ቆዩ። «ሽታው ያው ነው» አሉ ሲወጡ። ቤንዚንና ትኩስ ላስቲክ ነው የሚሸተው፣ እኔ ላጠፋው አንድ ዓመት ታግያለሁ።

ስንበተን «ልጄ በላዳው ቀስ ብሎ ይምጣ፣ አንተ ጋር ልውረድ» አሉኝ። ከፊት ወንበር እምቢ ብለው ከኋላ ተቀመጡ። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰትን ወረድን፣ ዓይኔ ቀዩ መብራት ላይ ነበር፣ አልበራም። አዲሱ ገበያ ስንደርስ በግራ፣ ከዚያ በቀኝ፣ ከዚያ ኮብልስቶን ላይ ቀስ በል እያሉ አንድ ግቢ በር ላይ አስቆሙኝ። ቤቱ ከእጃቸው ከወጣ ቆይቷል። በሩ ጥቁር ነው።

«አረንጓዴ አይደለም» አልኳቸው።

መልስ አልሰጡኝም። ወርደው ከቦርሳቸው የቤታቸውን ቁልፍ አወጡ፣ በሩ ማጠፊያ አጠገብ ጎንበስ አሉና መፋቅ ጀመሩ። ጥቁሩ ሄደ። ከስሩ ቡናማ መጣ። ከቡናማው ስር ግራጫ። እኔም ወርጄ የመኪናዋን የተፋቀ በር ከፍቼ ወደ ግቢው በር አስጠጋሁት፣ ማጠፊያ ከማጠፊያ ጋር። አረንጓዴው ብቅ ሲል አንድ ጥፍር ታህል ነበር። የበሩ ፀሐይ ስለመታው ፈዘዝ ብሏል፣ የመኪናዋ ግን ነጩ ስር ተደብቆ ስለኖረ ቁልጭ ያለ ነው።

ይሄኔ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ካልሲ ሳያደርግ ነጠላ ጫማ የተጫማ ልጅ፣ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ እኛን አየ፣ ቁልፉን አየ፣ የተፋቀውን በራቸውን አየ።

«ማንን ፈልጋችሁ ነው?»

ቁልፉን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። «ቀለም እያየን ነው» አሉት።